አዴ ሎሚና ምስክሩ ውሻ

አዴ ሎሚ ማረፋቸውን የሰማሁት ቡራዩ ገበያ ላይ፣ ከሰበታ ከምትመጣ ሽንኩርት ሻጭ ነው። ሽንኩርቱን እየመዘነችልኝ፣ «ያቺ የውሻ ጠበቃ አረፈች፣ አልሰማሽም?» አለችኝ። ዘንቢሌን እዚያው ትቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ትንንሾቹን ልጆቼን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ሰበታ ሄድኩ። ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። ሰው ሁሉ «ደግ ነበሩ፤ ለእንስሳ እንኳ የሚያዝኑ የዋህ ሴት ነበሩ» ይላል። ሰማሁ፤ ልቤ ግን እምቢ አለ። እኔ የማውቃቸው አዴ ሎሚ የዋህ አልነበሩም። ሙግተኛ ነበሩ። ሰው ከሩቅ አይቶ የሚሸሻቸው፣ ነገር ከያዙ የማይለቁ ሴት ነበሩ። የዋህ ቢሆኑ ኖሮ የእኔ ልጅ ነገር ሌላ ይሆን ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ቢሆንም፣ ሰው በለቅሶ ላይ ያለሰለሳቸውን አዴ ሎሚን እንደነበሩ ልጽፋቸው ተነሳሁ።

ያኔ እኔም ሰበታ ስኖር፣ እሳቸው የጅማ አውቶቡሶች የሚቆሙበት ባሕር ዛፍ ሥር ቆሎ ይሸጡ ነበር። ረጅም፣ አጥንታቸው የሰፋ፣ ሲቆጡ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ከቆሎው ቅርጫት አጠገብ ክዳኑ የተበሳ የቅቤ ጣሳ ነበር። ጣሳው የውሾች ነው። መኪና የገጨው፣ ሰው የፈነከተው፣ እከክ የጨረሰው፣ ጌታ የሌለው ውሻ ሁሉ በዚያ ጣሳ ይታከማል። የከብት ሐኪሙ ለበሬና ለላም እንጂ ለውሻ የሚሆን መድኃኒት ከመንግሥት አይሰጠውም። እጁን ብቻ ነበር በነፃ የሚሰጣቸው፤ መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መምጣት ነበረበት።

አዴ ሎሚ ገንዘቡን አይለምኑም። ይሞግታሉ። እኛ ሰፈር ሰው ሲጣላ «አንተ ውሻ!» ማለት እንደ ሰላምታ ነው። እሳቸው ያንን ቃል በሰሙ ቁጥር ብድግ ብለው ነጠላቸውን ያደገድጉና፣ በዱላቸው መሬቱን መትተው «በሕግ አምላክ!» ይላሉ። በዚያን ጊዜ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እግሩን አያነሳም። ከዚያ በመንገዱ ያለፈውን የመጀመሪያ ሰው ይዘው ዳኛ ያደርጉታል። የመንገድ ዳኛ የቆየ ልማድ ነውና የተጠራውም ሰው እምቢ አይልም።

አንድ ቀን የአውቶቡስ ረዳት ከተሳፋሪ ጋር ተጣላና ያንን ቃል ተናገረ። ዳኛ የተደረጉት በበቅሎ ሲያልፉ የነበሩ ቄስ ናቸው።

«ዳኛዬ፣ ውሻ ምን በደለ? ያለ ጥፋቱ ስሙ ለስድብ ዋለ። ካሳ ይገባዋል» አሉ አዴ ሎሚ።

«እናቴ፣ እኔ እኮ የሰደብኩት ሰውየውን ነው!» አለ ረዳቱ።

«ሰውየውማ አፍ አለው፤ ራሱ ይክሰስህ። እኔ የቆምኩት አፍ ለሌለው ነው።»

ቄሱ ቸኩለዋል። «ልጄ፣ አሥር ሳንቲም ክፈልና እኔንም አስለቅቀኝ» ብለው ፈረዱ። ሰዉ ሳቀ። ረዳቱ ሳንቲሙን ጣሳው ውስጥ ሲጥል «ይቺ አሮጊት ው...» ብሎ አፉን በእጁ ያዘ።

«ጨርሰው ልጄ» አሉት አዴ ሎሚ። «ሌላ አሥር ሳንቲም ካለህ ጨርሰው።»

ደሃ ሞልቶ ለምን ለውሻ እንደሚደክሙ ሲጠየቁ አንድ መልስ ነበራቸው። «ለሰው ሰው ይጮኽለታል። ለውሻ የሚጮኽለት ውሻ ብቻ ነው፤ እሱንም በድንጋይ ዝም ታሰኙታላችሁ።»

እኔ እዚያ ጣሳ ውስጥ ሳንቲም ጥዬ አላውቅም። ከልጄ ከአስካለ በፊት የወለድኳቸውን ሁለቱን ኩፍኝ ወስዶብኛል። ስለዚህ አስካለን እንደ እንቁላል ነበር የምይዛት። ጉድጓዱ፣ እሳቱ፣ መኪናው፣ በሬው፣ ሁሉም እሷን የሚጠብቅ ይመስለኛል። ከአዴ ሎሚ ዙሪያ ሁለት ሦስት ውሻ ስለማይጠፋ በዚያ በኩል ሳልፍ ልጄን አዝዬ ከመንገዱ ማዶ እሻገራለሁ። እሳቸው ደግሞ አያልፉኝም። «አንቺ የአስካለ እናት! አትፍሪ፣ ውሻም እኮ ይመርጣል!» ብለው ይጮኹብኛል። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። በጣም ነበር የምጠላቸው።

አስካለ ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተዋስነውን ወንፊት ለጎረቤት እንድትመልስ ላክኋት። መንገዱ ከእኛ በር ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ጩኸቷን ስሰማ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ባቷ ደምቷል። የነከሳት ጉራቻ የሚባለው ጥቁር ውሻ ነው፤ አዴ ሎሚ ባለፈው ዓመት መኪና ገጭቶት ያሳከሙት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ታፈሰ ፈጥነው ደርሰው ወገቡን በአጣና መቱት። ከዚያ ሌላውም ዱላና ድንጋይ ይዞ ወረደበት።

«እብድ ነው! ግደሉት!»

እኔም ጮኽኩ። «ግደሉልኝ!» አልኩ። አልክድም።

አዴ ሎሚ እየሮጡ መጡና በውሻውና በዱላው መካከል ገቡ። «በሕግ አምላክ!»

ዱላዎቹ አየር ላይ ቆሙ።

«ሎሚ፣ ዛሬ ቀልድ የለም» አሉ አቶ ታፈሰ። «ልጅ ነክሷል።»

«አይቻለሁ። እብድ ነው አልክ?»

«ነው!»

«ማን ነገረህ?»

«ያስታውቃላ!»

«አያስታውቅም። የዚህ ነገር ምስክር ይህ ውሻ ብቻ ነው። ካበደ በጥቂት ቀን ራሱ ይናገራል፤ ካላበደም ራሱ ይናገራል። ምስክሩን ከገደልክ በኋላ ለዚች እናት ምን ብለህ ልትነግራት ነው?»

አዴ ሎሚ ውሻውን በጆንያ ጠቅልለው እየጎተቱ ወደ ግቢያቸው ወሰዱት። እኔ ልጄን አቅፌ ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ።

የክሊኒኩ ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለረጅም ጊዜ አጠበው። ከዚያ ልክ እንደ አዴ ሎሚ ጠየቀኝ። «ውሻው በሕይወት አለ?»

«ሊሞት ነው። ደብድበውታል።»

«ቢኖር ነበር የሚጠቅምሽ። አሥር ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ልጅሽ ምንም አትሆንም። ከሞተ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ ግን በዚያው ቀን አዲስ አበባ ትወስጃታለሽ። በየቀኑ ሆዷ ላይ መርፌ ትወጋለች።»

«ውሻው አብዶ ከሆነ፣ መርፌው ቢቀርስ?»

ድሬሰሩ አስካለን አየና ፋሻውን ማሰር ቀጠለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ አንሾካሾከች። «እማዬ፣ እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት። ተኝቶ ነበር። ሳይቀድመኝ ብዬ በትልቅ ድንጋይ መታሁት።»

መንገዱ ላይ ቆምኩ። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። «ውሻ ስታዪ ሳይቀድምሽ ቅደሚው፤ ድንጋይ ሳትይዢ ከበር አትውጪ» እላት ነበር፤ በየቀኑ። አፏን በእጄ ሸፈንኩና «ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት።

ቤት ስንደርስ አማቴ ከደብተራ የተገኘ የሥር መድኃኒት በጥብጠው ጠበቁን። እኔ ገና ሳልወስን አጠጧት። ካጠጧት በኋላ ሕጉን ነገሩኝ፦ አርባ ቀን ወንዝ መሻገር የለባትም፤ ከተሻገረች በሽታው ይነሳባታል። ከሰበታ አዲስ አበባ ደግሞ ወንዝ ሳይሻገሩ አይደረስም። መርፌው ከወንዝ ማዶ፣ ልጄ ከወንዝ ወዲህ። ባለቤቴ ለሥራ ጅማ ነበር። ማንን ልጠይቅ? ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ አዴ ሎሚ በራችን ላይ ቆሙ። «ተነሺ! ሐኪሙ አየው። የወገቡ አጥንት ተሰብሯል፣ ውስጡም ደምቷል። መርፌና መድኃኒት ካላገኘ ከሦስት ቀን አያልፍም። ጣሳው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ለሌላ ውሻ ተሟጧል።»

«ይሙት!» አልኳቸው። «ልጄን የበላ ውሻ ይሙት!»

«ይሙት? ከሞተ በዱላው ሞተ ወይስ በእብደቱ፣ በምን ታውቂያለሽ? ሬሳውን ልትጠይቂው ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በዚህች ምድር ላይ ከእኔ በላይ የዚያ ውሻ መኖር የሚያስፈልገው ሰው የለም። ነጠላዬን አነሳሁ።

«የት ሄደን ነው የምንለምነው?»

«ልመና ማን አለሽ? ሰው የፈነከተ ያሳክም የለም? እነዚህም ያሳክማሉ። የመቱትን አንድ በአንድ አይቻለሁ።»

በየቤቱ ይዘውኝ ዞሩ። ልብስ ሰፊው ድርሻውን ሚስቱ እንዳታየው በመርፌ ማስቀመጫው ሥር አድርጎ ሰጠ። አረቄ ሻጩ ተከራከረ። «እኔ እኮ እግሩን ብቻ ነው የመታሁት!»

«ታዲያ የእግሩን ክፈላ።»

መጨረሻ ላይ ወፍጮ ቤት ደረስን። ቅዳሜ ስለሆነ ግቢው በእህልና በአህያ ተጨናንቋል። አቶ ታፈሰ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሲያዩን ሳቁ። «ለውሻ ሐኪም? ሎሚ፣ አእምሮሽን መጀመሪያ አሳዪው።»

«ወገቡን የሰበርከው አንተ ነህ። ትልቁ ድርሻ ያንተ ነው።»

«አልከፍልም። ሂጂ ክሰሺ!»

«እሺ» አሉ አዴ ሎሚ። የጋቢውን ጫፍ ሳብ አድርገው ከነጠላቸው ጫፍ ጋር ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። «ቁራኛ ተያይዘናል። ዳኛ እስኪለየን ድረስ አንለያይም።»

ቁራኛ የአያቶቻችን ሥርዓት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተሳስረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውሉ ነበር። ያኔም ቀርቷል፤ በዚያ ግቢ የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው። አቶ ታፈሰ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ጋቢውን ሳቡ፤ አዴ ሎሚ አብረው ተሳቡ። ወደ ሞተሩ ሄዱ፤ አብረው ሄዱ።

«ተይ! የሞተሩ ቀበቶ ይይዝሻል!»

«ይያዘኝ። አብረን እንገባለን።»

ወፍጮው ቆመ። መጀመሪያ የሳቀው ሰልፈኛ ማጉረምረም ጀመረ። «እህላችንን አስፈጭተን እንሂድ እንጂ! ወይ ይክፈሉ ወይ ይዳኙ!» ተባለ። አዴ ሎሚ ከወንዙ ማዶ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ አዩ። በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ ኦቦ ቱሉ» ብለው ሰላምታ ሰጡና፣ «ዳኛዬ እርስዎ ነዎት» አሉ።

ኦቦ ቱሉ የጤፍ ጆንያቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። ሳይቸኩሉ የሁለቱንም ቃል ሰሙ። ከዚያ «የልጅቷ እናት ማን ናት?» አሉ።

ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ወደ ፊት ወጣሁ።

«ልጄ፣ አንቺ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

«እንዲኖር ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «አሥር ቀን... ከዚያም በላይ። ይኑር።»

ኦቦ ቱሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዱጋ፣ እውነቷን ነው። ያቆሰለ ያሳክማል። ደም ደም ነው፤ የሰውም ሆነ የውሻ።»

አቶ ታፈሰ ከፈሉ። ቋጠሮው በመሳሳቡ ጠብቆ ኖሮ ሁለቱ ተጎንብሰው፣ ግንባር ለግንባር ሊነካኩ ደርሰው ሲፈቱት ብዙ ቆዩ። ሰልፈኛው ያኔ እንደገና ሳቀ። መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ ገዝቶ ያመጣው ያ አሥር ሳንቲም የተቀጣው ረዳት ነው። የትራንስፖርት ክፈሉኝ አላለም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አዴ ሎሚ ግቢ እሄዳለሁ። ጉራቻ ከእህል ማስቀመጫው ጎን በገመድ ታስሮ ተኝቷል። እሳቸው ፋሻ ሲቀይሩ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አፉን፣ ዓይኑን፣ አካሄዱን አያለሁ። ውኃ ሲጠጣ እደሰታለሁ፤ አስነጠሰው ብዬ እንቅልፍ አጣለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ «ለዚያ ውሻ ዕድሜ ስጠው» አልኩ። ሌላ ሰው እንዳይሰማኝ ፈርቼ ነው።

በስድስተኛው ቀን ውኃ አልጠጣም አለ። የውኃው ጣሳ ሲቀርብለት ፊቱን አዞረ። እብድ ውሻ ውኃ ይፈራል ይባላል። አዴ ሎሚ ሲጠጉት «ተዉ! አይንኩት!» ብዬ ጮኽኩ።

እሳቸውም ፈርተው ነበር፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ አይቻለሁ። ግን ወደ እኔ ዞረው «እስከ ማታ ካልጠጣ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ አዲስ አበባ እንሄዳለን። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።

«ወንዙስ? አማቴ...»

«ወንዙን የሚሻገረው አውቶቡሱ ነው! አማትሽ ቢቆጡ እኔ ጋ ይምጡ። ወንዝ ፈርታ ልጇን የቀበረች እናት መሆን ትፈልጊያለሽ?»

እንዲህ ያለ ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሁሉም ፈሪነቴን ጥንቃቄ ይለዋል። ቤት ሄጄ ለጉዞ የሚሆን ልብስ ቋጠርኩ። አማቴ ጮኹ፤ አልመለስኩላቸውም። ከሰዓት በኋላ የከብት ሐኪሙ መጥቶ የጉራቻን መንጋጋ ጨርቅ በጠቀለለበት ዱላ ከሩቅ እየነካ አየ። መንጋጋው በድብደባው ቆስሎ፣ መግሎ አብጧል። መግሉ ሲፈነዳ ውሻው ራሱን አራገፈና ጣሳ ሙሉ ውኃ ጠጣ። የቋጠርኩትን ልብስ ግን እስከ አሥረኛው ቀን አልፈታሁትም።

በአሥረኛው ቀን ድሬሰሩ ራሱ መጣ። የሰፈሩ ሰውም ወሬ ሰምቶ ግቢውን ሞላው። ጉራቻ ጠጣ፣ በላ፣ በሦስት እግሩ ቆመ። ድሬሰሩ ዞሮ ዞሮ አየውና «እብድ አይደለም። ልጅሽ ነፃ ናት» አለኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ገና ሳልነሳ አቶ ታፈሰ ጠመንጃ የያዘ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ አስከትለው ገቡ።

«አሥሩ ቀን አልቋል፤ የፈለጋችሁትን አውቃችኋል» አሉ አቶ ታፈሰ። «እብድ ባይሆንም ያለ ምክንያት ልጅ የነከሰ ውሻ ነው። ነገ የማንን ልጅ ሊበላ ነው?»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ወላጅ ነው።

«ያለ ምክንያት መሆኑን ማን አየ?» አሉ አዴ ሎሚ።

«ማንም አላየም። አንቺም አላየሽም፣ ሎሚ።»

አዴ ሎሚ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። መልስ ሲያጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አስካለ እጄን አጥብቃ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። እንዳትናገር ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ብናገር አማቴ ምን ይሉኛል? ባለቤቴ ከጅማ ሲመለስ ምን ይለኛል? ልጇን በገዛ አፏ ያስነከሰች እናት ተብዬ እዚህ ከተማ እንዴት እኖራለሁ? ዘበኛው የጠመንጃውን ማንገቻ ከትከሻው አወረደ።

«እኔ አውቃለሁ» አልኩ። «ተኝቶ ነበር። በድንጋይ የመታችው እሷ ናት። ድንጋይ እንድትወረውር ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ሴት» አሉ አቶ ታፈሰ፣ «ልጅሽን ያስነከስሽው ራስሽ ነሽ ማለት ነው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ዘበኛው ግራ ተጋብቶ ቆመና «ቢሆንም ትእዛዝ አለኝ» አለ። «ባለቤት የሌለው ውሻ ይገደላል። የዚህ ባለቤት ማን ነው?»

አዴ ሎሚ ሊናገሩ ሲሉ እጁን አነሳ። «እርስዎ አይደሉም፣ አዴ! የሰበታ ውሻ ሁሉ የእርስዎ ሊሆን አይችልም። ባለፈው አለቃዬ በእርስዎ ምክንያት ተቆጥቶኛል።»

«የእኔ ነው» አልኩ።

«የማን?»

«የእኔ የአስካለ እናት። ግቢዬ ውስጥ ይታሰራል። ለአለቃህ እንዲህ ብለህ ንገረው።»

አዴ ሎሚ ዞረው አዩኝ። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ያንቺ ከሆነማ ስሚኝ» አሉ። «ፋሻው በየሁለት ቀኑ ይቀየራል። ወገቡን ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውኃ ታጥቢዋለሽ። መድኃኒቱ ሊያልቅ ነው፤ ከየት እንደምታመጪው ከአሁኑ አስቢ። እኔ ቆሎዬን ሳልቆላ አሥር ቀን አልፎብኛል።»

ገመዱን ፈትተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ገመዱን በእጄ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠምኩት። ውሻው አጠገቤ ቆመ። ዘበኛው ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ ከበሩ ላይ ዞር እስኪል ድረስ፣ ሁለታችንም ከቆምንበት አልተነቃነቅንም።